ሙቀቱ ሲጨምር የሀገር በቀል ዛፎች ዘር ዕጣ ምን ይኾናል?

ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደጋው ወደ ቆላው ይሸጋገራል። ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ የዛፉም ዓይነት አብሮ ይለወጣል። በደጋው ኮሶና ጽድ፣ በወይና ደጋው ወይራና ዋንዛ፣ በቆላው ግራርና የዕጣን ዛፍ ይበዛሉ።

ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0 ነጥብ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራል። የኢትዮጵያ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በ1 ነጥብ 3 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሏል። ሁለቱ አኃዞች ሲገናዘቡ አንድ ማሳ ካለበት ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላ እንደወረደ ይቆጠራል። ሥሩን የሰደደ ትልቅ ዛፍ ይህን ለውጥ ለብዙ ዓመታት ሊቋቋመው ይችላል። መሬት ላይ የወደቀ ዘር ግን ይህ አቅም የለውም።

እያንዳንዱ የዛፍ ዘር ለመብቀል የሚስማማው የሙቀት ልክ አለው። ከልኩ በታች ሲኾን ዘሩ ይዘገያል። በልኩ ውስጥ ሙቀት መጠነኛ ጭማሪ ሲያሳይ ቡቃያው ይፈጥናል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ዘሩ ይተኛል፤ አልያም ሽሉ ይሞታል። ፈጥኖ መብቀልም ሁልጊዜ በጎ አይደለም። በበልግ ካፊያ የተታለለ ዘር ቀድሞ ቢበቅል፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይደርስ ቡቃያው ይደርቃል።

ሁሉም ዘር እኩል አይጎዳም። የግራር ዘር ልባሱ ጠንካራ በመኾኑ ሙቀትንና ድርቀትን ለዓመታት ተቋቁሞ ይቆያል፤ በችግኝ ጣቢያም በፈላ ውኃ ካልተነከረ በቀላሉ አይበቅልም። የጥቁር እንጨት ዘር በአንጻሩ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ሲደርቅና ሲሞቅ የመብቀል ኃይሉን በአጭር ጊዜ ያጣል። ወይራና ዝግባ ደግሞ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈኑ በመኾናቸው ለመብቀል ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ።

የደን ተመራማሪዎቹ ደምል ተከታይ እና አንደርስ ግራንስትሮም ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ባካሄዱት ጥናት፣ አብዛኞቹ የሀገር በቀል ዛፎች በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የዘር ክምችት እንደሌላቸው አሳይተዋል። ይህ ማለት እናት ዛፉ ከተቆረጠ አፈሩ ዛፉን መልሶ አያበቅልም። በዚህ ምክንያት የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የአካባቢው የዘር ጎተራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ደኖች ባደረጉት ጥናት፣ የበቀለውም ቡቃያ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ለማደግ እንደሚቸገር ታይቷል። በሙቀት የተፈተነ ዘር ቢበቅል እንኳ አጥር ከሌለው ዛፍ አይኾንም።

ለችግኝ ጣቢያዎች ትልቁ ፈተና የጊዜ ጉዳይ ነው። ለሐምሌ ተከላ የሚደርስ ችግኝ የሚዘራውና የሚጠበቀው ክረምቱ ሳይገባ በበጋው ወራት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ደግሞ በጎንደር አካባቢ ዋነኛው የሙቀት ወቅት ነው። ዳስ ያልተሠራለት መደብ ላይ የአፈሩ ገጽ በቀትር ፀሐይ ከአየሩ በእጅጉ ይበልጥ ይግላል። የሣር ጉዝጓዝ፣ ጥላ፣ በጠዋትና በማታ ውኃ ማጠጣት ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ።

የዘር ምንጭም ሊታሰብበት ይገባል። ዘር ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይኾን ከበርካታ ጤናማ ዛፎች ቢሰበሰብ፣ ከመካከላቸው ሙቀቱን የሚችል የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። ከመትከያው ቦታ ጥቂት ዝቅ ካለ አካባቢ የተሰበሰበ ዘርን ቀላቅሎ መሞከርም ይጠቅማል። ከሩቅ ቆላ የመጣ ዘር ግን በደጋው ውርጭ ሊመታ ይችላል። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑሮ የሚበቅለውን መቁጠርም ከከንቱ ድካም ያድናል፤ ዘግይተው ለሚበቅሉት ግን ሳምንታት መታገሥ ያሻል።

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የሚነገረው የተተከለው ችግኝ ብዛት ነው። የዘሩ ምንጭና የመብቀል አቅም አብሮ ካልተመዘገበ ግን በቀላሉ የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ቦታውን እየያዘ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ በደብር አጥር ውስጥ ብቻ ይቀራሉ። እነዚያ ዛፎች አርጅተው ሳይወድቁ ዘራቸውን መሰብሰብ የዚህ ትውልድ ሥራ ነው።