ለጉርድ ቀሚሳችን ኪስ

እናቶቻችን ገበያ ሲወጡ ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። ጉርድ ቀሚስ ለብሳ ወደ ሥራ የምትሄድ እናት ግን መቀነት የላትም፤ ቀሚሷም ብዙ ጊዜ ኪስ የለውም። ከኮልፌ አጠና ተራ ወደ መርካቶ ለመሳፈር ስትጋፋ፣ ሕፃን አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ ቦርሳዋን በየትኛው እጇ ትጠብቅ? የሚጠፋው ደግሞ የልጆች ቀለብ ነው።

እህቶች፣ ኪሱን በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። በመጀመሪያ አቡጀዲ በውኃ ነክራችሁ አድርቁ፤ በኋላ እንዳይሰበሰብ ነው። ከዚያም 18 በ32 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች አዘጋጁ። የቀሚሱን የጎን ስፌት ከወገቡ 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቱ። አንዱን ቁራጭ ከፊተኛው፣ ሌላውን ከኋለኛው ጠርዝ ጋር ስፉ። ቀጥሎም ሁለቱን ቁራጮች አጋጥማችሁ፣ እጅ መግቢያውን ብቻ በመተው፣ ዙሪያውን ደጋግማችሁ ስፉ። አናቱን ከቀሚሱ ወገብ ጋር በውስጥ በኩል አያይዙት፤ ሳንቲምና ቁልፍ ሲገባበት ጨርቁን አይጎትትም። የአፉን ሁለት ጫፎች አጠንክሩ፤ ቶሎ የሚተረተረው በዚያ ነውና። አፉ ላይ ቁልፍ ብትተክሉበት ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል።

አዲስ ቀሚስ የምታሰፉ ከሆነ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ ለልብስ ሰፊው «ኪስ ይኑረው» ማለትን አትርሱ።