ለኤፕሪል በረዶ ከፍታ ይቅደም

«በኤፕሪል ልጆቹን ይዞ ስኪ የሚሄድ ሰው ዝቅ ያለውን ርካሽ መንደር ይምረጥ፤ በረዶ የሚሠራ ማሽን አለ» ተብሎ ሲመከር ይሰማል። ይህ ምክር ቤተሰብ ያከስራል። ማሽኑ የሚሠራው አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ብቻ ነው፤ በጸደይ ዝቅተኛው ቦታ ሌሊቱም ይሞቃል። የኦስትሪያዋ ኪትዝቡኸል 760 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዚያው አገር ኦበርጉርግል 1,930፣ የፈረንሳዩ ቫል ቶራንስ ደግሞ 2,300 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በዚህ የከፍታ ልዩነት ቀድሞ የሚጎዳው ጀማሪው ልጅ ነው፤ የመለማመጃው ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከመንደሩ አጠገብ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይቀልጣል። ጫማው ጭቃ ውስጥ ለገባ ልጅ የሆቴሉ መርከስ ምን ይጠቅመዋል? መጀመሪያ ከፍታውን፣ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረውን ተዳፋት እዩ፤ ዋጋ የሚነጻጸረው ይህን ካሟሉት መካከል ነው።