መልስ የማይሰጥ ሞግዚት

ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ያላችሁ አንባብያን ይህን ነገር በሚገባ ታውቁታላችሁ። እናት ወጥ ልትሠራ ወደ ማድቤት ስትገባ ወይም ወደ ገበያ ስትወጣ «እስኪ ያዘው፤ እንዳያለቅስ» ብላ ሕፃኑን ለታላቅየው ልጅ ትሰጣለች። ታላቅየው ግን የሚያጠናው ትምህርት ወይም የሚያወጋው ጓደኛ አለው። ስለዚህ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ይከፍትለታል፤ ወይም የእጅ ስልኩን ከፊቱ ያቆምለታል። ልቅሶው ወዲያው ይቆማል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ጸጥታ ነው። ጸጥታው በነጻ የተገኘ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ገና መናገር የማይችለው ሕፃን ነው።

ሕፃን ልጅ ቋንቋን የሚማረው ድምፅ በመስማት ብቻ አይደለም። ሕፃኑ «አጉ» ሲል እናቱ «አጉ፣ የኔ ጌታ» ብላ ትመልስለታለች። ፊቷን አይቶ ይስቃል፤ እርሷም ትስቃለች፤ እርሱም እንደ ገና ድምፅ ያሰማል። ይህ ለተመልካች ተራ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የንግግር ትምህርት ነው። የሰው ልጅ ሲናገር መልስ እንደሚያገኝ፣ ሲጠራም የሚሰማው እንዳለ የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው። ቴሌቪዥን ግን ይናገራል እንጂ አይመልስም። ሕፃኑ ቢስቅም፣ ቢጮኽም፣ በጣቱ ቢያመለክትም መስኮቱ የራሱን ወሬ ይቀጥላል።

ይህ አባባል በጥናት የተደገፈ ነው። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉት ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚያድጉ የዘጠኝ ወር ገደማ ሕፃናትን ከቻይንኛ ቋንቋ ጋር አስተዋውቀዋል። አንደኛው ቡድን ቻይንኛ ተናጋሪ ከሆኑ ሰዎች ጋር በአካል ተገናኝቶ፣ መጽሐፍ እየተነበበለትና በመጫወቻ እየተጫወተ 12 ጊዜ ተቀመጠ። ሌላው ቡድን ያንኑ ቋንቋ ከነዚያው ሰዎች በቴሌቪዥን ሰማ። በመጨረሻም ሁሉም ሲፈተኑ፣ ከሰው ጋር የተጫወቱት ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቴሌቪዥን የሰሙት ግን ቻይንኛ ጭራሽ ካልሰሙት ሕፃናት አልተሻሉም። ቃሉ አንድ፣ ተናጋሪውም አንድ ነበር፤ የጎደለው በአጠገባቸው ሆኖ የሚያያቸውና የሚመልስላቸው ሰው ነው።

የአገራችን ተረት ነጋሪዎች ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። «እንቆቅልሽ» ሲባልም «ምን አውቅልሽ» የሚል ከሌለ ጥያቄው አይቀርብም። በነዚህ ጨዋታዎች ተናጋሪው አድማጩን ይጠብቃል። ልጁ ሲያንቀላፋ ድምፁን ከፍ፣ ሲፈራ ዝቅ ያደርጋል፤ ያልገባውንም ይደግምለታል። የመስኮቱ ሞግዚት ግን ልጁ ይፍራ፣ ይተኛ፣ ይራብ አያውቅም።

በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከማንኛውም የምስል መስኮት ፊት እንዳይቀመጥ፣ የአንድ ዓመት ልጅም እንዲሁ እንዲጠበቅ መክሯል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ገልጿል። ይኸው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍና ቢያንስ 180 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልገው ያመለክታል። ቀን ደግሞ አይለጠጥም። ለመስኮቱ የተሰጠው ሰዓት ከእንቅልፍ፣ ከድኽና ከወግ ላይ ተቀንሶ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማየት ይገባል። በዐረብ አገር ለሥራ የሄደች እናት ልጇን በስልክ ምስል እያየች ብታነጋግረው፣ ያ ከቴሌቪዥን ጋር አይቈጠርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የፈቀደው እንዲህ ያለውን የምስል ንግግር ብቻ ነው። በዚያ መስኮት ውስጥ ያለው ፊት ልጁን ያየዋል፤ ሲስቅም ይስቅለታል። እንግዲህ ጥፋቱ በመስተዋቱ አይደለም፤ መልስ በማጣቱ ነው።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ ቴሌቪዥን ልጆችን ያስተምራል የሚል ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ብዙ ትውልድ ተጠቅሟል። ነገር ግን የተጠቀሙት ተረት ለመረዳት የደረሱ ልጆች እንጂ አራስ ሕፃናት አልነበሩም። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን ዝግጅቱ የተወሰነ ሰዓት ነበረው፤ ሲያበቃ ልጆች ወደ ውጭ ወጥተው ይጫወቱ ነበር። የዛሬው የስልክ ምስል ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራልና፣ ሰው ካላጠፋው ማለቂያ የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከበድ ያለ ነው። በአንዲት ክፍል ቤት የምትኖር፣ ቀን ስትሠራ ውላ ማታ እንጀራ የምትጋግር እናት ሕፃኑን ለማን ትስጠው? ይህችን እናት መውቀስ አይገባም። መፍትሔው ግን በአብዛኛው በእጃችሁ ነው፤ በየቤቱ ሕፃን የሚይዘው የእናንተ እድሜ ያለው ልጅ ነውና። ሕፃኑን ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡና የእንጨት ማንኪያና የብረት ድስት ክዳን ስጡት። ልብስ ስታሰጡ አጠገባችሁ አድርጋችሁ «ይህ ሸሚዝ ነው፤ ይህ ነጠላ ነው» በሉት። ትምህርታችሁን ስታጠኑም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ የታሪክ ትምህርት ባይገባውም ድምፃችሁና ዐይናችሁ ይገባዋል። ማንም የማይመለከተውን ቴሌቪዥን አጥፉ። የራሳችሁንም ስልክ አስቀምጡ፤ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወንድም ለሕፃኑ ከቴሌቪዥኑ አይለይምና።

ይህን ብታደርጉ ቤቱ ጸጥ አይልም። ክዳኑ ይንኳኳል፤ ሕፃኑም ይጮኻል፤ እናንተም ትመልሱለታላችሁ። እናታችሁ ከማድቤት ሆና ይህን ጫጫታ ስትሰማ ልጇ በሰው እጅ መሆኑን ታውቃለች።

መልመጃ

1. የጸሐፊው ዋና ሐሳብ የተገለጸበትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው አንቀጽ ፈልጋችሁ ጻፉ።
2. ጸሐፊው ለተቃዋሚዎቹ የሰጠው መልስ አጥጋቢ ነውን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. የዚህን ጽሑፍ አስተያየት የሚቃወም ወይም የሚደግፍ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።