ሦስተኛውን ሳትጨርስ ሦስት ጣት አታንሳብኝ

«ሦስተኛው ላይ ደራሲዋ አበላሸችው» የሚሉ ወጣቶች አንጀቴን ያሳርሩታል። ዘ ሀንገር ጌምስ የተባለውን ባለ ሦስት መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው የሚሉት። አንደኛውን በአንድ ሌሊት ይውጡታል፣ ሁለተኛውን በጉጉት ይጨርሱታል፤ ሞኪንግጄይ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ገጽ ገፋ አድርገው «ይደብራል» ብለው ይወረውሩታል።

ፒያሳ አስፋልት ዳር መጽሐፍ የሚዘረጉት ልጆች ዘንድ ሄዳችሁ እዩ። የአንደኛው ጀርባ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል፣ ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል። ሦስተኛው ግን ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ወዲያ እጅ አልነካውም። «ጋሼ፣ እሱን የሚጠይቅ የለም፤ በግማሽ ዋጋ ይውሰዱት» አለኝ ሻጩ።

በግማሽ ዋጋ! ለእኛ አገር አንባቢ እኮ ከሦስቱ ዋናው እሱ ነው።

ሱዛን ኮሊንስ በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ሁለት መጻሕፍት ጨቋኙን አስጠላችን። ይሄ ምን ይከብዳል? ፕሬዚዳንት ስኖውን የማይጠላ ማን አለ? በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሦስተኛው ግን ከባዱን ጥያቄ አመጣች፦ ነጻ አውጪውስ ሥልጣን ሲይዝ ምን ይሆናል? የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የኬትኒስ ታናሽ እህት በቦምብ ትሞታለች፤ ጥርጣሬውም ወደ ገዛ ወገኗ ይዞራል። የአማፂያኑ መሪ ኮይን ደግሞ ወንበሩ ገና ሳይሞቅላት፣ የተሸናፊዎቹ ልጆች በተራቸው እርስ በርስ የሚተላለቁበት ውድድር ይዘጋጅ ትላለች። ኬትኒስ ለስኖው ያዘጋጀችውን ፍላጻ ኮይን ላይ ትለቃለች። «አበላሸችው» የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው!

አዎ፣ አማፂያኑ ከመሬት በታች የሚኖሩት ኑሮ ሲተረክ ይጎትታል። ይጎትት! ከድል በኋላ ያለው ሕይወት መቼ እንደ ፊልም ሮጦ ያውቃል?

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብሎ የተረተ ሕዝብ ልጅ ይህ እንዴት ይደብረዋል? የ1966ቱ ወጣት አንደኛውን መጽሐፍ ኖሮታል፤ «መሬት ለአራሹ» እያለ ጮኾ ዘውዱ ወደቀለት። ብዙም ሳይቆይ ያው ትውልድ በቀይ ሽብር አስፋልት ላይ ተዘረረ። ሩቅ አትሂዱ፤ እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ማዕከላዊ የሚባል እስር ቤት ነበረ። ደርግ ወጣቱን ገረፈበት። ኢሕአዴግ በ1983 ደርግን ጥሎ ሲገባ ግቢውን አልዘጋውም፤ እሱም በተራው ገረፈበት። የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለት መንግሥት፣ አንድ ግርፋት ቤት!

የእኛንም ሦስተኛ መጽሐፍ የጻፈልን ሰው ነበር። በዓሉ ግርማ አብዮቱን ከውስጥ ሆኖ አይቶ በ1975 ኦሮማይን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ በ1976 ደራሲው ራሱ ወጥቶ ቀረ። ገዢዎች የትኛውን መጽሐፍ እንደሚፈሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ ትፈልጋለህ? ስለወደቀው ጨቋኝ የተጻፈውንማ እነሱም ያሳትሙታል፤ የሚያንገበግባቸው ስለ ባለ ተራው የተጻፈው ነው።

«የማነበው ለመዝናናት ነው» የምትለኝ ወንድሜ፣ ተዝናና፤ ማን ከለከለህ? ግን አንደኛውን ብቻ አንብበህ፣ የኬትኒስን ምልክት ደረትህ ላይ ለጥፈህ አብዮተኛ ነኝ አትበለኝ። ጨቋኝን መጥላት ማንም ይችላል። ጀግናህ ዙፋን ላይ ሲወጣ እጁን ማየት ነው ቁም ነገሩ። እንደ ኬትኒስ ሦስት ጣትህን ከማንሳትህ በፊት ሦስተኛውን ጨርስ።