«አንቺ ራስሽስ ምን ሠራሽ?»

ሦስታችንም ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣን ነን። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስን እዚሁ ናይሮቢ በተለያዩ ድርጅቶች ለሥራ አመራር ሠልጣኝነት አመለከትን። እንዲህ ያለው ቅጥር አዲስ ምሩቅን ወስዶ፣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ ለኃላፊነት የሚያዘጋጅ ነው። መጀመሪያ የሒሳብና የቋንቋ ፈተና፣ ቀጥሎ የቡድን ውይይት፣ በመጨረሻም ሦስት አራት ሰዎች ፊት የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነበረው። ፈተናውን ሦስታችንም አለፍን፤ ለዚህም መምህራኖቻችንን እናመሰግናለን። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ሁለታችን ወደቅን። የወደቅንበት ምክንያት ለታናናሾቻችንም የሚተርፍ ስለመሰለን ይህን ጻፍን።

ከእኛ አንዷ «ሰዎችን አስተባብረሽ የሠራሽውን ሥራ ንገሪን» ተባለች። የትምህርት ቤታችንን የእንቁጣጣሽ ባዛር አነሣች። «ገንዘብ ሰበሰብን፣ ሥራ ተከፋፈልን፣ በጥሩ ሁኔታ ጨረስን» አለች። ከጠያቂዎቹ አንዷ ብዕራቸውን አስቀምጠው «አንቺ ራስሽስ ምን ሠራሽ?» አሏት። እህታችን ዝም አለች። እኛ ግን እናውቃለን፤ የባዛሩን ሒሳብ የያዘችው እሷ ነበረች። ማታ ሲቆጠር ገንዘብ ሲጎድል፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞራ ደረሰኝ እያመሳከረች ጉድለቱን ያገኘችው እሷ ነበረች። ይህን መናገር ጉራ መሰላት።

ሌላው «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል፣ ከኢንተርኔት የሸመደደውን «ሥራዬ ፍጹም ካልሆነ አልረካም» የሚለውን መለሰ። አንዱ ጠያቂ ፈገግ ብለው «ዛሬ ይህን የነገርከን አራተኛው ሰው ነህ» አሉት።

ሥራውን ያገኘው ሦስተኛችን ስለ አባቱ ሱቅ ተናገረ። በእረፍት ወራት ሱቁን ሲጠብቅ በቃል ብቻ ዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ እንደቀረ፣ ጥፋቱም የራሱ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ የዱቤ መዝገብ ከፍቶ ደንበኛውን ማስፈረም እንደጀመረ ነገራቸው።

ቤታችን «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አደግን። ንግግር የሚያበዛ ሰው ሲያጋጥም ወላጆቻችን «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይላሉ። ትሕትናውን አንጠላውም፤ በሰው አገር የተከበርነውም በእሱ ነው። ነገር ግን «እኔ» ማለት ሁልጊዜ ራስን ማወደስ አይደለም። «እኛ» እያልን ስንናገር የምንሸፍነው ሙያችንን ብቻ ሳይሆን ጥፋታችንንም ነው። ቀጣሪ ነገ ሰውና ገንዘብ ሊያስረክበን ነውና፣ ማን ምን እንደሠራና ምን እንዳበላሸ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ይህን ሐሳብ ያካፈልናቸው አንድ መምህራችን «ልጆቹን ጉረኛ እንዳታደርጉብን» አሉን። ስጋታቸው ይገባናል። ይሁን እንጂ ጉራ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው፤ የሠሩትን በልኩ መናገር ግን እውነትን መመስከር ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ በየመንፈቁ በሦስት መምህራን ፊት ለ10 ደቂቃ ይቅረብ፤ ስለሠራው አንድ ሥራና ስለተሳሳተው አንድ ነገር ይጠየቅ። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልግም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እንግዳ መጥቶ ልጁን «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲለው «ደኅና ነው፣ ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትመልሱለት። ቢንተባተብም ራሱ ይመልስ።

ታናናሾቻችን፣ እናንተ ደግሞ ደብተር ግዙና የሠራችሁትን መዝግቡ። ቀኑን፣ አብረዋችሁ የሠሩትን፣ የያዛችሁትን ገንዘብና ያጠፋችሁትን ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ስትገቡ የምትሸመድዱት አይኖርም፤ የምታስታውሱት ይኖራችኋል።

እህታችን በሚቀጥለው ወር ሌላ ድርጅት ጋር ቃለ መጠይቅ አላት። ስለ ባዛሩ ከተጠየቀች፣ በዚህ ጊዜ ስለ ጎደለው ገንዘብና ስለ ደረሰኞቹ ለመናገር ወስናለች።