እንቁራሪቷን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ እናውርዳት!

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። የእንቁራሪትን የዕድገት ደረጃዎች በሥዕል የማያውቅ ሰልጣኝ በመካከላችን አለ? የለም። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ድረስ ቀስት እየሰመርን እንደረድራቸዋለን። ታዲያ በሕይወት ያለችውን እንቁራሪት ከእንቁላሏ ጀምሮ ተከታትለን ያየናት ስንቶቻችን ነን? እዚህ ላይ እጁን የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በከሚሴ ነው። ቦርከና አጠገባችን ይፈሳል። የጨፋ ረግረግ በበጋ ከብት አርቢው ከሩቅ ከብቱን እየነዳ የሚመጣበት የውሃና የሣር አገር ነው። ክረምት ሲገባ ማታ ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። እኛ ግን እንቁራሪትን በጠመኔ አቧራ ውስጥ እንፈልጋታለን።

በዚህ ረገድ የአንድ መምህር የሥራ ታሪክ ትምህርት ይሆነናል። እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የሚጸየፋቸውን እንቁራሪቶችና ጉርጦች፣ እባቦችና እንሽላሊቶች ማጥናት ያዘ። በ1974 ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው እንቁራሪቶች አንዷን በእንሰት ስም «ኤንሴቲኮላ» አላት። በ1997 ደግሞ ሌላዋን በአዋሽ ፓርክ ባለው ፍል ውሃ «ፍልውሃ» ብሎ ሰየማት። በ1991 ከባሌ የመዘገባት ደቃቅ እንቁራሪት ስሟ ከአስታ ዛፍ የሳይንስ ስም የተወሰደ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በሊቨርፑል ሙዚየም ሲሠራም ሥራውን አልተወም። በ2001 የኢትዮጵያን እንቁራሪቶችና ዘመዶቻቸውን ዝርዝር አሳተመ። በ2010 ከስቴፈን ስፖውልስ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶች፣ እባቦች፣ እንሽላሊቶችና ዔሊዎች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ። ወደ አርባ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

በ1978 አሊስ ግራንዲሰን የተባሉ ተመራማሪ አንዲትን የባሌ ጉርጥ በእሱ ስም «ማልኮሚ» ብለው ጠሩ። ይህች ጉርጥ ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አላት። እንቁላሏን የምትጥለው ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ልጆቿም ሳይዋኙ እዚያው ያድጋሉ። እኛ በሰሌዳ ላይ «እንቁራሪት እንቁላሏን በውሃ ውስጥ ትጥላለች» ብለን የምናስቀዳው ደንብ በገዛ አገራችን ተራራ ላይ ይፈርሳል ማለት ነው! በአገራችን ከ60 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ይህን የማያውቅ መምህር ተማሪውን ምን ብሎ ያኮራዋል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እንቁራሪት እንጀራ ትሆናለች እንዴ?» ይሉናል። እንጀራስ አትሆንም። ነገር ግን ቆዳዋ ስስ ነው፤ ውሃም አየርም በእሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ውሃው ሲበላሽ ቀድሞ የሚጎዳው እሷን ነው። የእርሻ መድኃኒትም ሆነ የከተማ ቆሻሻ ወንዝ ሲገባ ዝም የምትል እንቁራሪት ለሰውም ለከብትም ማስጠንቀቂያ ናት። እባቡም ቢሆን የአይጥ ጠላት ነው። እኛ ግን መርዝ ያለውንም የሌለውንም በአንድ ዱላ እንፈጃለን። በእባብ የተነደፈውን ሰው ደግሞ ቁስሉን እየበጣን፣ እግሩን እያሰርን ጊዜ እናጠፋለን። መደረግ ያለበት እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ያወጣል የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ኪንታሮት ከቫይረስ እንጂ ከጉርጥ አይመጣም። እነዚህን ነገሮች መምህሩ ካላረማቸው ማን ያርማቸው?

«ስድሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዘን፣ ያለ ቤተ ሙከራ ምን እናድርግ?» የሚለው ግን ቀልድ አይደለም፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ አንድ ማሰሮ ወይም አፉ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ፣ የኩሬ ውሃ፣ ጥቂት እንቁላልና አንድ ደብተር ይበቃል። የኋላ እግሮች መቼ ወጡ? የፊቶቹስ? ጅራቱ መቼ ጠፋ? ተማሪው ቀን እየጻፈ ይመዝግብ። በጥንቃቄ ይሁን እንጂ! ብልሃርዝያ ባለበት አካባቢ ልጅ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ መምህሩ በረጅም መቅጃ ይቅዳ። ጥናቱ ሲያልቅም እንቁራሪቶቹ ወደወጡበት ኩሬ እንጂ ወደ ሌላ አይወሰዱ። እንቁራሪቶችን በቆዳቸው በኩል የሚያጠቃ ሻጋታ በአገራችን በስፋት መኖሩ በ2012 በታተመ ጥናት ታውቋል፤ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር በሽታውን ማሰራጨት ነው።

ሥራው በውጭ ሰው አልቋል ብለንም አንዘን። አበበ አመሃ መንግሥቱ የደጋችንን እንቁራሪቶች አጥንቶ በ2012 በባዝል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት በቅቷል። በ2018 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከቢቢታ ተራራ የተገኘች እንቁራሪት በ2019 «ቢቢታ» ተብላ ተመዘገበች። በ2021 ስም ከተሰጣቸው አዳዲስ ዝርያዎች አንዷ «ዶሮ» ትባላለች። ገና ያልተጠራ ስንት አለ!

እኛ ነገ ወደ ዳዋ ጨፋ፣ ወደ አርጡማ ፉርሲ፣ ወደ ጅሌ ጥሙጋ፣ ወደ ባቲ የምንበተን ነን። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ብንይዝ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀንና እንቁራሪት የጮኸችበትን ሌሊት ብንጽፍ፣ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአርጎብኛ የሚጠሯቸውን ስሞች ብንሰበስብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ዞን የራሱ መዝገብ ይኖረዋል። ሰልጣኞች ሆይ፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ማሰሮዋን አትርሱ! መምህራኖቻችንም የትምህርት ዕቅዳችንን ሲያርሙ «ሥዕል አለው ወይ?» ብለው ብቻ ሳይሆን «ሕይወት ያለው ነገር አለው ወይ?» ብለው እንዲጠይቁን በአክብሮት እናሳስባለን።