ሐዲዱ ሽሮ ሜዳ ከመድረሱ በፊት

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር፣ ከቃሊቲ ሽቅብ መጥቶ ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆመ። ጉለሌ ክፍለ ከተማ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ምዕራፍ ሐዲዱን ወደ ሽሮ ሜዳ ያወጣዋል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ለመያዝ የሚሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህ ዕቅድ ለምን እንደሚናፈቅ አይጠፋውም። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪ የነበራት ከተማ ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ እንደምትሆን ይገመታል። ያም ሆኖ የጉለሌ ነዋሪ አሁን አጥብቆ መጠየቅ ያለበት በሐዲዱ ላይ የሚሮጡት ባቡሮች እንዲበዙ ነው እላለሁ። ባቡር ሳይጨመር ሐዲዱ ቢረዝም ቀዳሚው ተጎጂ ራሱ ጉለሌ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። ይህና ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ሌላው መስመር በድምሩ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባቸው፣ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበድሮ፣ 41 ባቡሮች ይዘው ነበር የተነሡት። በ2015 ዓ.ም የሚሠሩት 8 ብቻ እንደነበሩ ተዘግቧል፤ የቀሩት በመለዋወጫ እጦትና በብልሽት ቆመዋል። የሰሜን–ደቡቡ መስመር ርዝመት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በየጣቢያው የሚቆምበትን ጊዜ ጨምሮ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ደርሶ መልሱ 100 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስምንቱ ባቡሮች ለሁለቱ መስመሮች እኩል ቢከፈሉ ለአንዱ አራት ይደርሱታል፤ ተሳፋሪው በየ25 ደቂቃው አንድ ባቡር ያገኛል ማለት ነው። ሃያ ባቡር ቢኖር ጥበቃው ወደ 5 ደቂቃ ይወርድ ነበር። አሁን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሽሮ ሜዳ 3 ኪሎ ሜትር እንጨምር። ደርሶ መልሱ 120 ደቂቃ ይሆናል፣ በአራት ባቡር የሚጠበቀውም ግማሽ ሰዓት። አንድ ባቡር 300 ሰው ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ የሚጓዘው 600 ሰው ብቻ ነው። መስመሩ ሲታቀድ የተነገረለት አቅም 15,000 ነበር። ባቡሩ ሽሮ ሜዳ ላይ ሞልቶ ሲነሣ ደግሞ አትክልት ተራና አውቶቡስ ተራ የሚጠብቁት የሚቆሙበት ቦታ አያገኙም። የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ከ2015 ወዲህ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ አዲስ ሐዲድ ካሉት ባቡሮች ላይ ጊዜ እንደሚወስድ አይለወጥም።

ክረምት ሲመጣ ይኸው እጥረት ወደ አደጋ ይጠጋል። የብረት ጎማ በረጠበ ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ፍሬን ለመያዝም ዳገት ለመውጣትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ደግሞ ዳገት ነው። ባቡሩ የሚሄደው በኤሌክትሪክ በመሆኑ ነጎድጓድ ኃይል ሲያቋርጥ ይቆማል። ሃያ ባቡር ካለው መስመር አንዱ ቢቆም የሚጎድለው ከሃያ አንድ እጅ ነው፤ ካሉት አራት አንዱ ሲቆም ግን ሩቡ አገልግሎት ይጠፋል። በዚያ ላይ ሁለቱ መስመሮች በልደታና በመስቀል አደባባይ መካከል 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ስለሚጓዙ፣ እዚያ የቆመ ባቡር የአያትንም የጦር ኃይሎችንም የቃሊቲንም መንገደኛ ያስቀራል። የምኒልክ አደባባዩ ጣቢያ ከመሬት በታች መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። በቻይናዋ ዠንግዡ ከተማ ሐምሌ 2013 ዓ.ም በአንድ ሰዓት 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ፣ ጎርፍ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ጥሶ ገብቶ 14 ተሳፋሪዎች ሞተዋል። የመንግሥት ምርመራ አገልግሎቱ በጊዜ መቆም እንደነበረበት ገልጿል። የእኛ ከተማ ዝናብ ያን ያህል ላይደርስ ይችላል፤ ግን ባቡሩን ማን፣ በስንት ዝናብ እንደሚያስቆም አስቀድሞ የተጻፈ፣ ተሳፋሪውም የሚያውቀው ደንብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጉለሌ ሌላ ድርሻ አለው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብዙ ውኃ፣ ቀጨኔ ወንዝን ጨምሮ፣ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚህ ክፍለ ከተማ ነው። ተዳፋቱ በቆርቆሮና በአስፋልት በተሸፈነ ቁጥር ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ይወርዳል፤ ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ደግሞ መንገዱንና ታች ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አገር በቀል ዛፎች የሚተከሉበት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ለከተማዋ ውበት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ውኃን አዝግሞ የሚለቅ ተዳፋት ለባቡሩም መከላከያ ነው። ለባቡሩ በጀት ሲያዝ ለእንጦጦ ግርጌ ቦዮች ጠረጋም አብሮ ቢያዝ፣ ጠረጋውም ከሰኔ በፊት ቢያልቅ፣ ገንዘቡ ያላግባብ ወጣ የሚያሰኝ አይደለም።

«ጉለሌ አሥር ዓመት ጠብቋል፤ አሁንም ጠብቅ ልትሉት ነው?» የሚል ሰው እውነት አለው። ቅሬታው ፍትሐዊ ነው። ግን በየግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ የሚመጣ ባቡር ፍትሕ አያስገኝለትም፤ እስከዚያው ከሽሮ ሜዳ፣ ከአዲሱ ገበያና ከሩፋኤል እየተነሡ ከባቡሩ ሰዓት ጋር ተናበው ምኒልክ አደባባይ የሚደርሱ የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች፣ በአንድ ትኬት ከተሠራባቸው፣ ያለ አዲስ ሐዲድ ብዙ ሰው ያሳፍራሉ። «እንግዲያው አውቶቡስ ይበቃል፣ ባቡሩን እንተወው» የሚሉም አሉ። ይህን አልቀበልም። ብድሩ ባቡሩ ሮጠ አልሮጠ ይከፈላል፣ ሐዲዱም ተነጥፏል፤ የጎደለው መለዋወጫ ከጠቅላላ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ነገር ነው። ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ፤ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው የሚገዛው። በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ታሪፍ የጀመረ አገልግሎት ይህን ከትኬት ሽያጭ ሊሸፍን አይችልም፤ ታሪፉን አብዝቶ መጨመርም ባቡሩ የተሠራለትን ሰው ማባረር ነው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ለመለዋወጫ ብቻ የሚውል፣ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር በጀት ማጽደቅ አለበት፤ ስንት ባቡር እንደሚሠራም በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ። በሰሜን–ደቡቡ መስመር በክረምት ቢያንስ አሥራ አምስት ባቡሮች ሳይቆራረጡ ሲሠሩ፣ የሽሮ ሜዳው ሐዲድ ያን ጊዜ ለጨረታ ይቅረብ።